የወንጀል ጉዳይን ከእስር እስከ ይግባኝ ሳይጠፋባችሁ እንዴት ትከታተላላችሁ፡ ለአካባቢ ዜና ሪፖርተሮች ዝርዝር መመሪያ

የወንጀል ዜና ላይ ብዙ ሪፖርተር የሚያቅተው መጀመር ሳይሆን መጨረስ ነው። ፖሊስ መግለጫ የሰጠ ቀን ሁሉም ይሮጣል፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ "በቁጥጥር ስር ዋለ" ተብሎ ይሰራጫል፣ ከዛ በኋላ ግን ሰውየው ክስ ይመስረትበት አይመስረትበት፣ ይፈረድበት በነፃ ይሰናበት የሚነግረን የለም። ጉግል ላይ ስሙን የሚፈልግ ሰው ከአመታት በኋላም የሚያገኘው የታሰረበትን ዜና ብቻ ነው። ይሄ ለታሰረው ሰውም ለተጎጂው ቤተሰብም ከባድ በደል ነው።

ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ነው፣ ሪፖርተሩ የሚከታተለው ሰውየውን ነው፣ ፍርድ ቤት ግን የሚያውቀው መዝገብን ነው። መዝገቡን ያልያዘ ሰው ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ይጠፋበታል። ስለዚ ከታች ያለው ሁሉ መዝገቡን ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ላይ ያተኮረ ነው። የተፃፈው ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ነው፣ የማነሳቸው አንቀፆች የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግና የሕገ መንግሥቱ ናቸው። ሕግ ይሻሻላል፣ አንቀፅ ጠቅሳችሁ ከመፃፋችሁ በፊት በስራ ላይ ያለውን ቅጂ አይታችሁ አረጋግጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጓችሁ

- ለፍርድ ቤት ብቻ የሚሆን ደብተር። ስልክ ችሎት ውስጥ ላይፈቀድ ይችላል፣ በር ላይም ሊያስቀምጧችሁ ይችላሉ፣ ስለዚ ስልክ ላይ ኖት እይዛለሁ ብላችሁ አትሂዱ።
- ሁለት እስክሪብቶ።
- የፕሬስ መታወቂያና የመስሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ። ግልፅ ችሎት ለመግባት ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም፣ ግን መዝገብ ቤት ሄዳችሁ መረጃ ስትጠይቁ ደብዳቤው ስራ ያቀላል።
- የወንጀል ሕጉና የሥነ ሥርዓት ሕጉ ፒዲኤፍ ስልካችሁ ላይ፣ ኢንተርኔት ሳይኖርም የሚከፈት።
- የቀጠሮ ካላንደር። ቀጠሮ የሚሰጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ የስልካችሁ ካላንደር በፈረንጅ ከሆነ ስትገለብጡ አንድ ቀን መሳሳት በጣም ቀላል ነው፣ በተለይ ጳጉሜን 6 በሆነችበት አመት። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ፃፉ።

ደረጃ 1፡ መዝገቡን አግኙ

ፖሊስ መግለጫ ሲሰጥ ከስምና ከፎቶ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ የፖሊስ ምርመራ መዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው፣ የትኛው ፖሊስ ጣቢያ ነው የያዘው፣ መቼ ተያዘ፣ የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው። የተያዘበት ሰዓት ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ግን አይቆጠርም። የተያዘበትን ሰዓት ካወቃችሁ የመጀመሪያው ችሎት መቼ እንደሚሆን መገመት ትችላላችሁ፣ ሰዓቱ ካለፈም ያ ራሱን የቻለ ዜና ነው።

ከዛ ፍርድ ቤቱ ሄዳችሁ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥር ውሰዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ አንድ ጉዳይ በህይወቱ ብዙ ቁጥር ይይዛል። ፖሊስ የራሱ አለው፣ የጊዜ ቀጠሮ ችሎቱ (ክስ ሳይመሰረት ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅበት) የራሱ አለው፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሰርት አዲስ መዝገብ ይከፈታል፣ ይግባኝ ሲባል ደግሞ ሌላ። አንዱን ብቻ ይዛችሁ ስትቀመጡ ጉዳዩ ወደ ሌላው ሲሻገር ታጡታላችሁ፣ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ሄዳችሁ ስትጠይቁም "ይሄ መዝገብ ተዘግቷል" ትባላላችሁ። ጊዜ ቀጠሮው ተዘጋ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት ላይሆን ይችላል፣ ክስ ተመስርቶ ወደ ሌላ ችሎት ሄዶ ይሆናል።

ፖሊስ ቁጥሩን ካልሰጣችሁ፦ የተጠርጣሪውን ሙሉ ስም እስከ አያት ያዙና ጠዋት የጊዜ ቀጠሮ ችሎቱ በር ላይ የሚለጠፈውን የእለቱን ዝርዝር እዩ። ዝርዝር ካልተለጠፈ የችሎቱን ፀሐፊ በትህትና ጠይቁ። እዛም ካልሆነ ጠበቃውን ፈልጉ፣ ጠበቃ ቁጥሩን ሁሌም ያውቃል።

የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ካልገባችሁ፦ የፌደራል ፍርድ ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ናቸው። ክልሎች የወረዳ፣ የከፍተኛ (ዞን) እና የጠቅላይ ፍርድ ቤት አላቸው። ጊዜ ቀጠሮ በታችኛው ፍርድ ቤት ታይቶ ክሱ በከፍተኛው ሊመሰረት ይችላል፣ ስለዚ አንድ ህንፃ በር ላይ ብቻ አትጠብቁ።

ደረጃ 2፡ የመዝገብ ካርድ ክፈቱ

ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ገፅ። ኤክሴልም ይሆናል፣ ዋናው ሁሌም አንድ ቦታ መሆኑ ነው። እንዲህ ይመስላል፦

የፖሊስ መዝገብ፡ …
የጊዜ ቀጠሮ መ/ቁ፡ …
የክስ መ/ቁ፡ …
ችሎት፡ … (የምድቡ ስም፣ ስንተኛ ወንጀል ችሎት፣ ክፍል ቁጥር)
ተከሳሽ፡ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ስንተኛ ተከሳሽ
የተጠቀሰው አንቀፅ፡ …
አሁን ያለበት ደረጃ፡ …
ያለበት ሁኔታ፡ ማረፊያ ቤት / ማረሚያ ቤት / በዋስ ውጪ
የመጨረሻው ትዕዛዝ፡ …
ቀጣይ ቀጠሮ፡ ቀን፣ ሰዓት፣ ለምን ጉዳይ

የመጨረሻዋ መስመር ባዶ ከሆነች ጉዳዩ ጠፍቷችኋል ማለት ነው። ከችሎት ስትወጡ እሷ ሳትሞላ ግቢውን አትልቀቁ። "ለምን ጉዳይ" የምትለውም የግድ ናት፣ ምክንያቱም ለምስክር የተቀጠረና ለብይን (በክርክሩ መሃል ለሚሰጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ) የተቀጠረ ቀን አንድ አይደለም፣ ሶስት ጉዳይ በአንድ ጠዋት ሲገጥማችሁ የትኛው ጋ መሄድ እንዳለባችሁ የምትወስኑት በሷ ነው።

ደረጃ 3፡ ከችሎቱ በፊት ባለው ቀን

ካርዱን አንብቡ። ያለፈው ቀጠሮ ምን ታዘዘ? ፖሊስ "ቀሪ ምርመራ አለኝ" ብሎ ከነበረ የትኞቹን ምርመራዎች ነው ያለው? በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ዝርዝር ደግሞ ሲያቀርብ የምታውቁት ቀድማችሁ ፅፋችሁት ከሆነ ብቻ ነው፣ ዳኛውም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ለጠበቃው ወይም ለዐቃቤ ሕጉ ደውሉና ቀጠሮው እንዳለ መሆኑን አረጋግጡ። ዳኛ ስልጠና ይሄዳል፣ ችሎቱ ሳይሟላ ይቀራል፣ ተከሳሽ ከማረሚያ ቤት ሳይመጣ ይቀራል፣ በእነዚህ ምክንያቶች ቀጠሮ ይተላለፋል። ክረምት ላይ ነሐሴና መስከረም አካባቢ ደግሞ መደበኛ ችሎቶች ለእረፍት ይዘጋሉ፣ አጣዳፊ ነገሮችንና ጊዜ ቀጠሮን ተረኛ ችሎት ነው የሚያየው፣ የዛን ጊዜ ዳኛውም ክፍሉም ሊቀየር ይችላል።

ደረጃ 4፡ ችሎት ውስጥ

ቀድማችሁ ድረሱ። 3 ሰዓት ተብሎ 5 ሰዓት ሊጀመር ይችላል፣ ያ ግን 3 ሰዓት ላይ እንዳትገኙ ምክንያት አይሆንም፣ ምክንያቱም ጊዜ ቀጠሮ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

1. ስልክ አጥፉ። ሳይለንት ሳይሆን አጥፉ።
2. ዳኛ ካልፈቀደ ፎቶ፣ ቪዲዮና ድምፅ አትቅዱ። በድብቅ መቅዳት ከችሎት መባረር ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀፅ 449 ፍርድ ቤት መድፈርን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል፣ ዳኛውም እዛው ሊቀጣችሁ ይችላል።
3. ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ተቀመጡ፣ በተለይ ለዳኛው ቅርብ። ብዙ ችሎት ውስጥ ማይክ የለም፣ ዳኛውም ለፀሐፊው ነው ዝቅ ብሎ የሚያስፅፈው፣ ዋናው ነገር ያለው ደግሞ እዛ የሚያስፅፈው ውስጥ ነው።
4. ማን እንደተናገረ በደብተር ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጉ፦ ዳ ለዳኛ፣ ዐ ለዐቃቤ ሕግ፣ ፖ ለፖሊስ፣ ጠ ለጠበቃ፣ ተ ለተከሳሽ፣ ም ለምስክር። ይሄን ያላደረገ ሰው ማታ ሲፅፍ ጠበቃው ያለውን ዳኛው እንዳለው አድርጎ ይፅፋል።
5. ቃል በቃል የያዛችሁትን በትምህርተ ጥቅስ፣ ጠቅለል ያደረጋችሁትን ያለ ጥቅስ። ማታ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ አታስታውሱም።
6. ትዕዛዙን ከነቁጥሩ ፃፉ፦ ስንት ቀን ተፈቀደ፣ የዋስትናው ብር ስንት ነው፣ ለመቼ ተቀጠረ።

ትዕዛዙ ካልተሰማችሁ፦ ከችሎቱ መሃል እጅ አታውጡ። ችሎቱ ሲያበቃ መጀመሪያ ፀሐፊውን ጠይቁ፣ ከዛ ጠበቃውን፣ ከዛ ዐቃቤ ሕጉን። ሁለት ሰው ተመሳሳይ ነገር ካልነገራችሁ አትፃፉ። ቤተሰብን ለቀጠሮ ቀን ጠይቁ፣ ለትዕዛዙ ይዘት ግን አትመኑ፣ ተጨንቀው ስለሚሰሙ ተስፋ ያደረጉትን ነው የሚሰሙት፣ ይሄን የምለው ለነሱ ካለኝ ሃዘኔታ ነው።

"ችሎቱ ዝግ ነው" ብለው ካስወጧችሁ፦ ውጡ፣ በር ላይ አትከራከሩ። ግን ማን እንዳዘዘ ጠይቁ፣ ዳኛው ነው ወይስ ጥበቃው? በሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 20 መሠረት ችሎት በዝግ የሚታየው የተከራካሪዎችን የግል ህይወት፣ የህዝብን ሞራል ወይም የሀገርን ደህንነት ለመጠበቅ ብቻ ነው፣ ይህንንም የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ቦታ ስለሌለ ከሆነ ያስወጧችሁ ለሬጅስትራሩ ወይም ለችሎቱ ዳኛ በፅሁፍ አመልክቱ፣ ለቀጣዩ ቀጠሮ ቦታ ሊያዝላችሁ ይችላል። ዝግ የሆነበትን ምክንያት ዳኛው በችሎት ከተናገረው ፃፉት፣ ውስጥ የተባለውን ግን ከወሬ ሰብስባችሁ እንዳትፅፉ።

ቋንቋው የማትሰሙት ከሆነ፦ አስተርጓሚ ለተከሳሹ እንጂ ለናንተ አይመደብም። ቋንቋውን የሚሰማ ባልደረባ ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 5፡ ጉዳዩ የቱ ጋ እንዳለ እወቁ

አብዛኛው የፍርድ ቤት ዜና ስህተት የሚመጣው ደረጃውን በሌላ ደረጃ ቃል ከመጥራት ነው። ስለዚ እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሀ. ጊዜ ቀጠሮ። ሰውየው "ተጠርጣሪ" ነው፣ ክስ የለም። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ይጠይቃል፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀፅ 59 አንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ14 ቀን አይበልጥም፣ ግን ደጋግሞ ሊጠይቅ ይችላል። በልዩ ሕግ የሚታዩ ወንጀሎች የራሳቸው ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል ፖሊስ የጠቀሰውን አዋጅ እዩ። ፖሊስ 14 ጠይቆ 7 ከተፈቀደለት ሁለቱንም ቁጥር ፃፉ፣ ልዩነቱ ዳኛው ስለምርመራው ምን እንዳሰበ ይናገራል። እዚህ ላይ ፖሊስ የሚለው ሁሉ ጥርጣሬ ነው፣ "ተረጋግጧል" አትበሉ።

ለ. ዋስትና። ትልቁ ወጥመድ። "ዋስትና ተፈቀደለት" እና "ተፈታ" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብሩ ገና አልተያዘም ይሆናል፣ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ትዕዛዙ ታግዶ ይሆናል፣ ወይ ፖሊስ በሌላ መዝገብ ይዞት ይሆናል። "ተፈታ" ብላችሁ የምትፅፉት ጠበቃው ወይም ቤተሰቡ ሰውየው ቤቱ መግባቱን ሲያረጋግጥላችሁ ብቻ ነው። ዋስትና ከተከለከለ ደግሞ ምክንያቱን ያዙ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀፅ 63 የወንጀሉን ክብደት ይመለከታል፣ አንቀፅ 67 ደግሞ ተጠርጣሪው ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈፅማል፣ ወይ ምስክር ያባብላል ማስረጃ ያጠፋል የሚል ስጋትን ነው፣ ምክንያታቸው ለየቅል ነው። በተከለከለው ላይ ይግባኝ የሚባለው በ20 ቀን ውስጥ ነው፣ ካርዱ ላይ አስፍሩት።

ሐ. ክስ። ምርመራው አልቆ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ሲደርስ በ15 ቀን ውስጥ ክስ መመስረት አለበት ይላል የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀፅ 109። ይሄ የመሸጋገሪያ ሰሞን ነው ብዙ ሪፖርተር ጉዳዩን የሚያጣው፣ ቁጥሩም ችሎቱም የሚቀየረው እዚህ ነውና። በየሁለት ቀኑ ጠይቁ። ክሱ ሲሰጥ ኮፒ ለማግኘት ሞክሩ፣ ካላገኛችሁ ከጠበቃው ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ገልብጡ። ከዚህ ቀን ጀምሮ ሰውየው "ተከሳሽ" ነው። አንቀፁን በትክክል ፃፉ፦ የወንጀል ሕጉ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፣ እድሜ ልክ ወይ ሞት ያስቀጣል፣ 540 ተራ የሰው ግድያ ሆኖ ከ5 እስከ 20 አመት ፅኑ እስራት ነው፣ 543 በቸልተኝነት የሚፈፀም ነው። ሶስቱንም "በግድያ ተከሰሰ" ብሎ ማለፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

መ. መቃወሚያና የእምነት ክህደት። ጠበቃ በክሱ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያቀርባል፣ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አሻሽል ሊባል ይችላል። ከተሻሻለ ካርዱ ላይ ያለውን አንቀፅ ቀይሩ። ቀጥሎ ተከሳሹ ድርጊቱን ፈፅሜያለሁ ወይም አልፈፀምኩም ይላል። ዝም ካለ እንደካደ ይመዘገባል፣ "መልስ አልሰጠም ስለዚህ አመነ" ብሎ መፃፍ ፍፁም ስህተት ነው።

ሠ. የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች። ዋና ጥያቄ (ምስክሩን ያቀረበው ወገን የሚጠይቀው)፣ መስቀለኛ ጥያቄ (ተቃራኒው ወገን የሚጠይቀው)፣ ድጋሚ ጥያቄ (ያቀረበው ወገን እንደገና የሚጠይቀው)። ዋናውን ሰምታችሁ ዜና ለመላክ አትውጡ። መስቀለኛው ላይ የምስክሩ ቃል ሊገለበጥ ይችላል፣ እናንተ ግን ግማሹን ይዛችሁ ሄዳችኋል። ዴድላይን ካስገደዳችሁ "መስቀለኛ ጥያቄው ገና አልተጠናቀቀም" የምትል መስመር ዜናው ውስጥ ትግባ።

ረ. ብይን። ይሄን በደንብ ያዙት። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ከተሰማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ከሁለት አንዱን ይላል። ማስረጃው በቂ ካልሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀፅ 141 ተከሳሹን መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ያሰናብተዋል። በቂ ከሆነ በ142 "ይከላከል" ይላል። "ይከላከል" ማለት ጥፋተኛ ማለት አይደለም! የሚያሰማው መልስ አለው ወይ ተብሎ እድል ተሰጠው ማለት ነው። "ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ አለው" ተብሎ የሚወጣው የተሳሳተ ዜና አብዛኛው ከዚህ ቀን የሚመጣ ነው። ሌላው ደግሞ በዚህ ደረጃ ፍርድ ቤቱ አንቀፁን ሊቀይረው ይችላል፣ ለምሳሌ በ539 ተከሶ በ540 ተከላከል ሊባል ይችላል። ከዛ ቀን በኋላ "ከባድ ግድያ" እያላችሁ መቀጠል አትችሉም።

ሰ. መከላከያ። ሚዲያ የማይገኝበት ቀን። ከሳሹ ሲናገር አስር ሪፖርተር ነበር፣ ተከሳሹ ሲናገር ወንበሩ ባዶ ነው። የዐቃቤ ሕግን ምስክር የዘገባችሁ ከሆነ የመከላከያውን ምስክር መዘገብ ግዴታችሁ ነው፣ ካልቻላችሁ የመጀመሪያውንም ባትዘግቡት ይሻል ነበር።

ሸ. የጥፋተኛነት ፍርድና ቅጣት። አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ቀን ናቸው። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ሁለቱም ወገን የቅጣት ማክበጃና ማቅለያ ያቀርባሉ፣ ፍርድ ቤቱ በ2006 የተሻሻለውን የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ይዞ ያሰላል። ቀላል እስራትና ፅኑ እስራት ለዩ፣ ፅኑ እስራት ከ1 እስከ 25 አመት ነው፣ ቀላል እስራት በመርህ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 አመት ነው። "3 አመት ተፈረደበት" ብቻ ከተባለ ግማሹ መረጃ የለም። በእስር የቆየበት ጊዜ ይታሰብለታል ወይ የሚለውንም ፃፉ፣ ዛሬ ሊወጣ ይችላል እኮ።

በመሃል ክሱ ከተቋረጠ፦ "ክሱ ተቋረጠ" በሉ፣ "ነፃ ተባለ" አትበሉ። ክስ ያቋረጠው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ነፃ የሚያሰናብተው ፍርድ ቤት ነው።

ደረጃ 6፡ ዜናውን ፃፉ

የመጀመሪያው አንቀፅ ላይ ዛሬ ምን ተወሰነ፣ የትኛው ፍርድ ቤት፣ በየትኛው ደረጃ። ከዛ ሁለቱም ወገን ያሉት። ከዛ ጉዳዩ እስካሁን የመጣበት መንገድ በሁለት አረፍተ ነገር። መጨረሻ ላይ ቀጣይ ቀጠሮና ለምን እንደተቀጠረ።

ቃሎቻችሁን በዚህ ፈትሹ፦

"ገዳዩ ችሎት ቀረበ" ብላችሁ ከፃፋችሁ፣ ፍርድ ሳይሰጥ ፈርዳችኋል። "በሰው ግድያ ወንጀል የተጠረጠረው ግለሰብ" በሉ፣ ክስ ካለ "የተከሰሰው"። በሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 20 ተከሳሽ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንፁህ ሆኖ የመገመት መብት አለው፣ ይሄ መብት የናንተን ርእስም ይመለከታል።

"ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ ተያዘ" ካላችሁ ማን አለ? ፖሊስ ከሆነ "ፖሊስ እንዳለው" ይግባ። በየአረፍተ ነገሩ መድገም ቢሰለችም ይግባ።

የመዝገብ ቁጥሩን ዜናው ውስጥ ብትከቱት ጥሩ ነው፣ ሌላ ሪፖርተርም ያገኘዋል፣ አንባቢም ራሱ ሄዶ ማየት ይችላል።

ርእሱን ኤዲተር ከቀየረው፦ ከመውጣቱ በፊት አንዴ አሳዩኝ በሉ። ውስጡ "ይከላከል ተባለ" ብሎ ርእሱ "ጥፋተኛ ተባለ" የሚል ዜና በተደጋጋሚ ይወጣል፣ ሰው ደግሞ ቴሌግራም ላይ የሚያየው ርእሱን ብቻ ነው።

ደረጃ 7፡ ከመውጣቱ በፊት ማንን ትጎዳላችሁ?

ልጆች። እድሜው ከ9 እስከ 15 የሆነ ልጅ ሲከሰስ ጉዳዩ ከአዋቂ ተለይቶ በዝግ ነው የሚታየው። ስም የለም፣ ፎቶ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ የአባቱም ስም የለም። ከ15 እስከ 18 ያሉት እንደ አዋቂ ችሎት ሊቀርቡ ይችላሉ፣ ግን እኔ ስማቸውን አልፅፍም፣ እናንተም ባትፅፉ እመክራለሁ።

የወሲብ ጥቃት ተጎጂዎች። ስም አለመፃፍ ብቻውን አይበቃም። "የ14 አመት ልጅ፣ በእንጀራ አባቷ፣ በዚህ ቀበሌ" ብላችሁ ከፃፋችሁ ጎረቤቱ ሁሉ አወቃት። ዝምድናውን ከፃፋችሁ የተከሳሹን ስምና ሰፈሩን ተዉት፣ የተከሳሹን ስም ከፃፋችሁ ዝምድናውን ተዉት። ሌላ ሚዲያ የፃፈውንም እዩ፣ የናንተና የነሱ ዜና ሲገጣጠም ልጅቷን ሊያሳውቃት ይችላል።

ምስክሮች። በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ጥበቃ የሚደረግላቸው አሉ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚመሰክሩም አሉ። ማንነቱ የተሸሸገን ምስክር በድምፅ ብታውቁት እንኳ እንዳትገልፁት። ጥበቃ የሌለውም ቢሆን የመንደር ሰው ነው፣ ስሙ ለዜናው ምን ይጨምራል ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይጨምርም።

የስም መመሳሰል። እስከ አያት ፃፉ፣ እድሜና የስራ ዘርፍ ጨምሩ። በአንድ ከተማ ተመሳሳይ ስምና የአባት ስም ያላቸው ብዙ ሰዎች አሉ።

ተሳስታችሁ ካወጣችሁ፦ ዝም ብላችሁ አታጥፉ። ርእሱን አርሙ፣ ከላይ ምን እንደታረመና መቼ እንደሆነ ፃፉ፣ የተለጠፈበት ቻናል ሁሉ ላይ እርማቱን ለጥፉ። የድሮው ስክሪንሹት እየዞረ ስለሚቆይ እርማቱ ሊገኝ የሚችል መሆን አለበት።

ደረጃ 8፡ ይግባኝ እና ካርዱን መዝጋት

ቅጣት ሲነገር ካርዱን አትዝጉ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀፅ 187 መሠረት ይግባኝ ባይ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያስታውቃል፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ያስገባል። እነዚህን ቀኖች ካላንደር ላይ አስገቡ። በ15ኛው ቀን ማግስት ለሁለቱም ወገን ደውሉ፣ ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ይላል፣ ነፃ በተባለም ላይ በቀለለ ቅጣትም ላይ።

ይግባኝ ላይ አዲሱን መዝገብ ቁጥር ውሰዱ። ብዙው ክርክር በፅሁፍ ስለሆነ ችሎት ውስጥ የምትሰሙት ትንሽ ነው፣ ማመልከቻውን ማንበብ ይጠበቅባችኋል። ውሳኔው ሲመጣ አፀና፣ አሻሻለ፣ ሻረ፣ ወይስ መልሶ ላከ? "ሻረው" ሁሌ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፣ ወደ ታች ተመልሶ እንደገና ሊታይ ይችላል። ከዛ በላይ ሰበር አለ፣ ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ የሚለውን ነው፣ ምስክር እንደገና አይሰማም።

ጉዳዩ ለወራት ድምፁ ከጠፋ፦ በየወሩ መጀመሪያ አንድ ቀን መድቡና ያልተዘጉ ካርዶችን በሙሉ ይዛችሁ ሬጅስትራር ጋ ሂዱ። ቁጥር ስትሰጡ "ቀጠሮው ለዚህ ቀን ነው" ወይም "ወደዚህ ችሎት ተዛውሯል" ይሏችኋል። መዝገቡ የለም ከተባላችሁ የድሮውን የጊዜ ቀጠሮ ቁጥርና የፖሊሱን ቁጥር አስፈልጉ፣ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም ክስ አልመሰረትም ብሎ ዘግቶት እንደሆነ ጠይቁ። የድሮ ጉዳይ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይላል፣ በ2014 ፍትህ ሚኒስቴር ሆኗል፣ መዝገብ ስታፈላልጉ ይሄ እንዳያደናግራችሁ።

ውጤቱ ሲታወቅ፣ ጥፋተኛም ይባል ነፃ፣ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የመጨረሻውን ዜና ልክ እንደመጀመሪያው ጎላ አድርጋችሁ አውጡት፣ መታሰሩ የፊት ገፅ ከነበረ ነፃ መባሉም የፊት ገፅ ነው። ሁለተኛ፣ የድሮዎቹን ዜናዎች አንድ በአንድ ክፈቱና ከላይ የውሳኔውን ቀንና ውጤት የምትል መስመር ከነሊንኩ ጨምሩ። ፌስቡክ ላይ ከሆነ ፖስቱን ኤዲት አድርጉት፣ ቴሌግራም ላይ ኤዲት ማድረግ ካልቻላችሁ ለድሮው ፖስት ሪፕላይ አድርጋችሁ ለጥፉት። ይሄ ሲያልቅ ካርዱ ላይ "ተዘግቷል" ብላችሁ ቀኑን ፃፉ።